የአባቴ ወገብና ሁለቱ መኪኖች

የራሴ ብስክሌት እንኳ ኖሮኝ የማላውቅ ሴት፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ ከሁለት አዳዲስ መኪኖች አንዱን ምረጪ ተባልኩ። የተገዛው መኪና ካረጀና ከተፈታታ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ምርጫው የተደረገበትን ሳምንት ግን እስከ ዛሬ ቀን በቀን አስታውሰዋለሁ፤ አንድ ጣራ ሥር አብሬው የኖርኩትን አባቴን በደንብ ያወቅኩት በዚያ ሳምንት ነውና።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼና ታይፕ ተምሬ፣ ናዝሬት ከተማ ውስጥ ለአርሲ ቆላ መንደሮች የውሃ ጉድጓድ በሚቆፍር አንድ የመንግሥት ፕሮጀክት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። አባቴ ቱፋ የዚያው ፕሮጀክት ሾፌር ነው። እናቴ የሞተችው እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነበር። እሱ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሴት አላገባም። ቤታችን ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን።

ቤት ውስጥ «አባዬ» እና «አንተ» እለዋለሁ። ቢሮ ስንገባ ግን «ጓድ ቱፋ» እና «እርስዎ» ይሆናል። ሁሉም ሰው ጓድ የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ አለቆቻችንም በሥራ ቦታ ዝምድና እንዳይታይ አጥብቀው ያሳስቡን ነበር። ጠዋት ከአንድ ሳህን ቁርስ በልተን፣ አብረን በእግራችን መጥተን፣ የግቢው በር ላይ እንለያያለን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የመኪና መውጫ ወረቀት ሊያስፈርም ሲመጣ ያላየሁት ሰው ይመስል «እንደምን አደሩ፣ ጓድ ቱፋ» እለዋለሁ። እሱም ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ደህና፣ ጓድ ጽጌ» ይለኛል። ቤት ስንመለስ በዚህ እየሣቅን ነበር ራት የምንበላው።

አባቴ የሚነዳው ያረጀ ላንድሮቨር ሥራ ሲያቆም፣ ለፕሮጀክቱ ገንዘብ የሚሰጡት የውጭ ረጂዎች አንድ አዲስ የመስክ መኪና እንድንገዛ ፈቀዱ። አዲስ አበባ ያለው አስመጪ ሁለት ዓይነት አቀረበ። አንደኛው የለመድነው ላንድሮቨር ነው፤ ወለሉ ባዶ ብረት፣ ከኋላው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች። ሁለተኛው ሬንጅሮቨር ነው። ጭቃውንም ዳገቱንም እንደዚያኛው ይወጣዋል፤ ውስጡ ግን ሳሎን ነው። ወለሉ ምንጣፍ ለብሷል፣ ወንበሩ ሰው ሲቀመጥበት ወደ ውስጥ ይቀበላል። ዋጋውም ከላንድሮቨሩ እጅግ ይርቃል። ረጂዎቹ የትኛውንም ብንመርጥ እንከፍላለን፣ ምክንያታችሁን ግን በቃለ ጉባኤ ጽፋችሁ ላኩልን አሉ።

የግዥ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ሰብሳቢው የአስተዳደር ኃላፊው ጓድ መርዕድ ነው። ሁለተኛው የቁፋሮው መሐንዲስ ዘውዴ ነው። ሦስተኛዋ በሠራተኛው ስም የተወከልኩት እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤውንም የምይዘው እኔው ነኝ። እውነቱን ለመናገር የተወከልኩት ታይፕ ስለምችል ነው እንጂ ሐሳቤን የሚፈልግ ሰው ነበረ ብዬ አላምንም።

ሐሳቤ የተፈለገው መኪኖቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ነው። መርዕድ ወደ ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋና ሻይ አስመጣልኝ። ለቡልጋሪያ የትምህርት ዕድል ከየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው እንደሚላክ፣ ከእኛ ዘንድ ደግሞ ስም አቅራቢው እሱ እንደሆነ ነገረኝ። የውሃ ምህንድስና መማር እንደምፈልግ ያውቃል። ስለ ጉድጓዶቹ የሚጻፈውን ሪፖርት ሁሉ የምተይበው እኔ ስለሆንኩ የማይገባኝን ቃል እየጠየቅኩ ሰው ሳስቸግር ሰምቶ ኖሯል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሥራ አስኪያጁ ሬንጁን ይፈልጉታል። ዘውዴ እሺ አይልም፣ አውቀዋለሁ። እንግዲህ የቀረሽው አንቺ ነሽ» አለኝ።

አላስፈራራኝም። ሻዬን እስክጨርስ ጠብቆ በሩን ራሱ ከፈተልኝ። እኔም ከዚያ ክፍል ስወጣ ወስኜ ነበር። ማንን ይጎዳል? አልኩ በልቤ። ከፋዮቹ ሌሎች ናቸው፤ መኪናውም ጥሩ መኪና ነው። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም። ለምን እንዳልነገርኩት ያኔ ራሴን ብጠይቅ ኖሮ ብዙ ነገር ይገባኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም መኪኖች ግቢያችን ውስጥ ቆሙ። ሬንጅሮቨሩን ያመጣው ሰለሞን የሚባል የአስመጪው ሾፌር ነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው። ወንበሮቹ ላይ ፋብሪካው የሸፈነው ፕላስቲክ እንዳለ ነበር። ፕላስቲኩ ሳይነሣ፣ ወንበሩም ሳይቆሽሽ መኪናውን እንዲመልስ በጥብቅ ታዟል። መርዕድ በሬንጁ እስከ ሶደሬ በአስፋልት ሄዶ ተመለሰና «እኔ አይቻለሁ፣ እናንተ ቀጥሉ» ብሎ ቢሮው ገባ። ዘውዴ ግን መኪና የሚፈተነው በሚሠራበት መንገድ ነው ብሎ አቦምሳ አካባቢ ወዳለው የቁፋሮ ቦታ እንድንሄድ አደረገ። እሱ ከሰለሞን ጋር በሬንጁ ሆነ። እኔ ደብተሬን ይዤ በላንድሮቨሩ ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ።

ከናዝሬት እስከ ዴራ አስፋልት ነው። አዋሽን መልካሳ ላይ ስንሻገር አባቴ ያንጎራጉር ነበር። ዴራ ላይ ወደ አቦምሳ ስንታጠፍ ኮረኮንቹ ተቀበለን። መሪውን፣ ማርሹን፣ ፍሬኑን እየጠየቅኩ እጽፋለሁ፤ እሱ ይመልስልኛል። ላንድሮቨሩን ወዶታል። ቢበላሽ በሽቦም በምንም ጠግኜ ቤቴ እገባለሁ አለኝ። ድንጋይ ሲመታን ጽሑፌ ይዘላል፣ እኔም ከወንበሬ እነሳለሁ። እሱ ግን ወደ ቀኝ ዘመም ብሎ፣ ግራ እጁን ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ተክሎ ነበር የሚነዳው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነዳ እንደዚያ ነው የማየው። የሾፌር ኩራት ይመስለኝ ነበር።

ቁፋሮው ቦታ ስንደርስ ሴቶች ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ጉድጓዱ ውሃ ከሰጠ ገና አንድ ሳምንቱ ነው፤ ፓምፑ አልተተከለም፤ ሠራተኞቹ ለሙከራ የሚያወጡትን ውሃ ነበር የሚቀዱት። አባቴን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አካም ጅርታ፣ ቱፋ» ትለዋለች አንዷ፣ እንዴት ነህ ለማለት። ሌላዋ ስለ ወለደች ልጅዋ ትነግረዋለች። አንዲት አሮጊት እጁን ይዛ ስማ ግንባሩን ዳበሰችው። ለእኔ እነዚያ መንደሮች በካርቦን ወረቀት መሃል የሚተየቡ ስሞች ነበሩ። እሱ ግን እያንዳንዷን ሴት ያውቃታል። መኪናው ቧንቧም፣ ሲሚንቶም፣ የታመመ ሰውም የሚያመላልስ መኪና ነበርና።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ፣ ቁፋሮውን ትተን ብዙም ሳንርቅ፣ የሬንጁ የኋላ ጎማ የግራር እሾህ ወግቶት ተነፈሰ። ሰለሞን ክሪክ አውጥቶ ሊንበረከክ ሲል አባቴ ከለከለው።

«ነጭ ለብሰሃል፤ ተወው እኔ ልሥራው» አለው።

ጎማውን ፈታ። ተለዋጩን ጎማ ከመኪናው ጀርባ አውጥቶ ወደ ደረቱ አነሣው። ከዚያ ቆመ። ጎማውን እንደታቀፈ ቆመ፤ አላስቀመጠውም፣ አልተራመደም። መጀመሪያ የሚያስብ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ፊቱ አመድ ሲሆን አየሁ። ጎማው ከእጁ ወረደ፤ እሱም በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ቀስ ብሎ በግንባሩ መሬት ነካ። «ያ ዋቅ» ሲል ብቻ ሰማሁት። አምላኬ ማለቱ ነው።

ሮጥኩ። ልናነሣው ብንሞክር አልቻለም። ወገቡ ተይዟል፤ እግሩን ማንቀሳቀስ አይችልም። ዘውዴ ልብሱን እንድፈታለት ነገረኝና የካኪ ሸሚዙን ከሱሪው አወጣሁ። ከሥሩ፣ ከሆዱ እስከ ወገቡ ድረስ ጠምጥሞ ጠምጥሞ ያሰረው ነገር አለ። ጠርዙ ላይ ያለውን ቀይ ጥለት ሳይ እጄ ቆመ። የእናቴ መቀነት ነው። እሷ ስትሞት ልብሷን ለዘመድ ስናከፋፍል መቀነቷ ጠፍቶ ነበር። ያኔ አክስቴ አልቅሳ ፈልጋው አጣችው። አባቴ ወስዶ ወገቡን ሊያስርበት ነው ለካ። ነጩ ከላቡ ብዛት ቡናማ ሆኗል፤ ዳሩ ተተልትሎ በራሱ እጅ ተሰፍቷል።

«አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት። ዘውዴ እንደሚሰማ ረስቼዋለሁ።

ዓይኑን ጨፈነ።

ተሸክመን ላንድሮቨሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ አጋደምነው። ዘውዴ መሪውን ያዘ፤ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጭንቅላቱን ደገፍኩ። ዘውዴ የቻለውን ያህል በዝግታ ነድቷል። ግን መንገዱ መንገድ አልነበረም። በእያንዳንዱ ድንጋይ የአባቴ ሰውነት ይወጠራል። እጅጌውን አፉ ውስጥ አስገብቶ ነክሶታል። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጥቂት እንደሄድን እኔ ጮኼ መኪናውን አስቆምኩት።

ሰለሞን ጎማውን ገጥሞ ከኋላችን ደርሶብን ነበርና እሱም ቆመ። ወርዶ በኋላው በር አየን። አባቴ አቧራና ላብ ሆኗል፤ እጁ ላይ የጎማው ጥቁር አለ። ሰለሞን ወደ ሬንጁ ተመልሶ የፊተኛውን ወንበር ወደ ፊት ገፋ፣ ከዚያ ያንን ፕላስቲክ ከኋላው ወንበር ላይ ይዞ ቀደደው። የፕላስቲኩ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ዘውዴ «እንዳይቆሽሽ ታዝዘህ የለም እንዴ?» አለው።

«ፕላስቲኩ ያንሸራትታቸዋል» አለ ሰለሞን፣ ሌላ ምክንያት የማያስፈልገው ያህል።

አባቴን ወደዚያ አዛወርነው። ሰለሞን ነዳ። ዘውዴ ላንድሮቨሩን ይዞ ተከተለን። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ድንጋዩም ያው ድንጋይ ነው። ግን የአባቴ መንጋጋ ቀስ በቀስ ሲፈታ በእጄ ተሰማኝ። እጅጌውን ከአፉ አወጣ። ከዓይኑ ጥግ እንባ ወርዶ ጆሮው ውስጥ ገባ። ያመመው መስሎኝ ሰለሞንን ላስቆመው ስል እጄን ያዘኝ።

«ለካ እንዲህም ይኬዳል» አለ።

ይህን ሲል ለእኔ አልነበረም የተናገረው። በዚያ መንገድ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ተመላልሷል። ሕመሙን የሥራው አካል አድርጎ ቆጥሮት ነበር፤ ውሃው ጨዋማ ነው፣ ቆላው ይሞቃል፣ መንገዱ ያማል። ሌላ ዓይነት አካሄድ መኖሩን ያወቀው ያን ቀን፣ ተጋድሞ፣ በሰው መኪና ነው።

እኔ አለቀስኩ። ከዚያ ቃል ከአፌ አመለጠኝ።

«አባዬ፣ ይሄኛው ይገዛ ብዬ ልመርጥ ነው።»

«ለምን?»

«ለወገብህ።»

ጭንቅላቱን አዙሮ አየኝ። የቁጣ አስተያየት አልነበረም።

«በእኔ ወገብ እንዳትመርጪ፣ ልጄ» አለኝ። «ይሄ መኪና ከተገዛ ከቢሮ ደጅ አይወጣም። እኔም አልነዳውም፤ እነዚያም ሴቶች አያዩትም። ደግሞ ስለ ሕመሜ ለማንም አትንገሪ። ከሰሙ በጡረታ ያሰናብቱኛል።»

እሺ አልኩት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ሐፍረት ልገልጸው አልችልም። ለወገብህ ነው ያልኩት ገና አሁን ነው፤ ሬንጁን የመረጥኩት ግን ወገቡ መታመሙን ሳላውቅ፣ ከሁለት ቀን በፊት፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ነበር። እሱ ልጄ ለእኔ ብላ ነው ብሎ አምኖኛል። እጄን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው።

ናዝሬት ስንደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ክሊኒክ አስገባነው። መርፌ ተወጋ። ሐኪሙ አከርካሪውን በጣቱ እየነካ ወርዶ ሕመሙ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቀው። አባቴ ወደ እኔ አየና ትንሽ ነው አለ። ሐኪሙ ትንሽ እንዳልሆነ፣ ይህ የብዙ ዓመት ጉዳት እንደሆነ፣ በኮረኮንች መንገድ መንዳቱን ከቀጠለ አንድ ቀን ጨርሶ ላይነሣ እንደሚችል ነገረን። ሰለሞን በር ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ቤታችን አድርሶን፣ አባቴን አልጋው ላይ ካስተኛልኝ በኋላ የተቀደደ ፕላስቲኩን ሰብስቦ ሄደ። ሻይ እንኳ አልጠጣም።

ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አባቴ ዓርብን ተኝቶ ውሎ ቅዳሜ ተነሣ። እንዳይመጣ ለምኜው ነበር። መርዕድ ግን ሁለቱን መኪኖች ያየ ሾፌር አስተያየት ይስጥ ብሎ አስጠርቶታል። በሬንጁ ተጋድሞ መምጣቱን ከሰው ሰምቶ ኖሮ፣ ይህ ሰው ስለ ምቾቱ ከመሰከረ ነገሩ አለቀ ብሎ ማሰቡ ነው።

አባቴ ገባ። የታጠበ ካኪውን ለብሷል፤ የሚራመደው በዝግታ ነበር። ወንበር ሳብኩለትና «አባዬ፣ ተቀመጥ» አልኩት። መርዕድ ቀና ብሎ አየኝ።

«ቆሜ ይሻለኛል፣ ጓድ ጸሐፊ» አለኝ አባቴ። ዓይኑ ውስጥ ግን ያ የራት ሰዓት ሣቃችን ብልጭ አለ።

መርዕድ የትኛው መኪና እንደሚሻል ጠየቀው። አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ሬንጁ ይሻላል» አለ። «በሁሉም ነገር ይሻላል፤ አልዋሽም። እኔ ወገቤን ከታመምኩ ቆይቻለሁ። ደብቄ ነው የኖርኩት። ሐሙስ ዕለት ተይዤ ያመጣኝ እሱ ነው፤ በላንድሮቨሩ ቢሆን እንጃ። እዚያ ቆላ ውስጥ የሚታመም ሰው ብዙ ነው። ምጥ የያዛትም፣ እባብ የነደፈውም፣ በእኛ መኪና ነው የሚመጣው። ሬንጁ እነሱ ዘንድ የሚሄድ ከሆነ እሱን ግዙ፤ ቢወደድም ይገባቸዋል። እዚህ ደጅ የሚቆም ከሆነ ግን ላንድሮቨሩን ግዙ። እኔ የማውቀው ይህንን ነው።»

ለማንም አትንገሪ ያለኝን እሱ ራሱ ሥራውን በሚያሳጣው ሰው ፊት ተናገረው። አሁን ሳስበው፣ ያንን የተናገረው እኔ እንዳልዋሽ ብሎ ይመስለኛል። እጅ ነሥቶ ወጣ።

መርዕድ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ድምፅ እንሂድ አለ። እሱ ለሬንጁ፣ ዘውዴ ለላንድሮቨሩ ሰጡ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ቡልጋሪያ በዓይኔ ላይ ዞረ፤ አይቼው የማላውቀው በረዶ፣ በስሜ የሚጠራ የዩኒቨርሲቲ ወንበር።

«እኔም ሬንጁን እመርጣለሁ» አልኩ። መርዕድ ፈገግ አለ። «በአንድ ሁኔታ። መኪናው የመስክ ብቻ እንደሆነ፣ ማደሪያውም የቁፋሮው ቦታ እንደሆነ፣ የቢሮ ኃላፊ እንደማይገለገልበት በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። ረጂዎቹ ምክንያታችሁን ጻፉ ብለዋልና ምክንያታችን ይህ ነው።»

ዘውዴ ከወንበሩ ቀና አለ። «እንዲያ ከሆነ ድምፄን ቀይሬያለሁ። እኔም ሬንጁን» አለና እጁን አወጣ።

የመርዕድ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሦስታችንም አንድ መኪና መርጠናል፤ ግን ክፍሉ ውስጥ የተደሰተ ሰው የለም። ለሻይ እንውጣ አለ። ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደርሶ ሲመለስ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ነበር። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ፣ ለመስክ ሥራ የሚያስፈልገው ቀላልና ጠንካራ መኪና መሆኑ እንደታመነበት፣ ላንድሮቨሩ እንዲገዛ ሐሳብ ማቅረቡን ነገረን። የቡልጋሪያው ዕድል እንዳመለጠኝ ያን ጊዜ አወቅኩ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብዬ ተየብኩ።

ዘውዴ ግን አንድ ነገር አስጨመረ። ጋራዡ በላንድሮቨሩ አንዱ አግዳሚ ላይ የበሽተኛ መጋደሚያ ይሥራ፣ ወፍራም ስፖንጅ ይነጠፍበት አለ። መርዕድም አልተቃወመም። እንዲያውም ወረቀቱን ቶሎ ነው የፈረመልን። ክፉ ሰው ነበር አልልም፤ እሱም በላይ በኩል የሚፈራው ሰው ነበረው። ያ መጋደሚያ በኋላ ስንት ሰው ከቆላው ይዞ እንደወጣ የሚያውቁት እነዚያ መንደሮች ናቸው።

የትምህርት ዕድሉ ዝርዝር ሲለጠፍ የሌላ ሰው ስም ነበረበት። አባቴን ከጡረታ ያዳነው ዘውዴ ነው፤ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ጠባቂ እንዲሆን አለቆቹን አሳመነለት። ቁልፉን ለአዲሱ ሾፌር ያስረከበ ዕለት መንገዱን አንድ በአንድ ሲያስረዳው ሰማሁት፤ የትኛው ድልድይ ላይ ቀስ እንደሚባል፣ የትኛዋ አሮጊት ሰላም ካልተባለች እንደምትቀየም። ከዚያ ዕቃ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋና ለረጅም ሰዓት አልወጣም። እኔም አልተከተልኩትም።

የቡልጋሪያውን ነገር፣ ሻዩንም ጭምር፣ የነገርኩት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ሰምቶኝ፣ ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ አገር ውሃው ከምን ያህል ጥልቀት ይወጣል ሲሉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ ወይ? አላውቅም አልኩት። እንግዲያው እዚሁ ሆነሽ የሚያውቁትን ጠይቂ አለኝ። ጠየቅኩ። ዘውዴ መጻሕፍቱን አዋሰኝ፤ ዓመታት ፈጅቶ በማታ ትምህርት ዲፕሎማዬን ያዝኩ። ከታይፑ ተነሥቼ የጉድጓድ መረጃ የምመዘግብ ሠራተኛ ሆንኩ። መሐንዲስ አልሆንኩም። ሆኜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ አላስመስልም።

ሰለሞንን ዳግመኛ አላየሁትም። ስለተቀደደው ፕላስቲክ ምን እንዳሉት አላውቅም። ምናልባት ከሥራ አባረውት ይሆናል። ሰለሞን፣ በሕይወት ኖረህ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ያን ቀን የዋልክልኝን ውለታ በአግባቡ አላመሰገንኩህም። አባቴ እስኪሞት ድረስ በጸሎቱ ስምህን ይጠራ ነበር።

እናንተ አንባቢዎቼ ደግሞ ከሁለት መኪኖች መሃል የመምረጥ ዕጣ አይገጥማችሁ ይሆናል። እኔም ስለ መኪና ምክር የለኝም። ስለ ምቾት ግን የነበረኝ ሐሳብ ተለውጧል። ለጤነኛ ሰው ቅንጦት የሆነው ነገር ለታመመ ሰው እፎይታ ሊሆን እንደሚችል፣ ጥያቄው ዕቃው ምን ያህል ያማረ ነው ሳይሆን ማን ይቀመጥበታል እንደሆነ ያን ሐሙስ ገብቶኛል። ከሁሉ የቆረቆረኝ ግን ሌላ ነው። በየቀኑ ከአጠገቤ ተቀምጦ የሚታመምን ሰው የአነዳዱን መዝመም ኩራት ነው ብዬ ማለፌ ነው። ዓይን ነበረኝ፤ ጠይቄ አላውቅም።

ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ። አባቴ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳቀርብለት «አባዬ፣ ዛሬ የቱ ጋ ነው?» እለዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ምንም አይደል» እያለ ያልፈኝ ነበር። እኔ ግን እንጀራውን አልቆርስም፤ እጄን ሰብስቤ እጠብቀዋለሁ። አንድ ቀን ሻዩን አስቀመጠና እጄን ይዞ ከወገቡ በስተግራ ዝቅ ብሎ ካለው ቦታ ላይ አሳረፈው። «እዚህ ጋ» አለኝ። እጄን እዚያው እንዳደረግኩ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተቀመጥን።